ኤሲው ውሃ ሲያንጠባጥብ

ጎንደር ላይ ኤሲ በየቤቱ የለም። መጋቢትና ሚያዝያ ሲመጣ ግን ከፒያሳም ከአዘዞም ይደወልልኛል። አብዛኛው ደንበኛ «ግድግዳዬን አበሰበሰው፣ ጋዝ ሙላልኝ» ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ ጋዙ ምንም አልሆነም። የተደፈነው የውሃ መውረጃው ቱቦ ነው። ይህን ደግሞ ራሳችሁ ልትከፍቱት ትችላላችሁ።

የክፍሉ እርጥበት ኤሲው ውስጥ ቅዝቃዜ ሲነካው ውሃ ይሆናል። ከሥር ባለች ገንዳ ይጠራቀምና በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። የበጋው አቧራ እዚያ ሲገባ ሙልጭልጭ ዝቃጭ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል።

ከሁሉ በፊት ብሬከሩን አጥፉ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ 220 ቮልት ነው። ለቤተሰቡም ንገሩ፤ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብሎ የሚያበራ አይጠፋም። ከሥር ሶኬት ካለ የተሰካውን ንቀሉ።

ፊልተሩን አውጥታችሁ እጠቡ። ቀጥሎ ውጭ ያለውን የቱቦ ጫፍ እዩ። ተጣጥፏል? ባልዲ ውስጥ ተነክሯል? ነፍሳት ጎጆ ሠርተውበታል? አንዳንዴ ችግሩ ይሄው ብቻ ነው። ጫፉ ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። ጣሪያ ላይ አትውጡ።

ካልሆነ መሳብ ነው። ላቫጆ ቤት ያለው ውሃ የሚስበው ቫኪዩም ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ተውሳችሁ አምጡት። ጫፉን ከቱቦው ጋር በጨርቅ ጠቅልላችሁ አየር እንዳያስገባ ያዙትና አንድ ሁለት ደቂቃ ሳቡ። ከውጭ ወደ ውስጥ በፍጹም አትንፉ፤ ቆሻሻው ተመልሶ ኤሲው ውስጥ ይገባል። ሽቦም አትክተቱ፤ ቱቦው ግድግዳ ውስጥ ከተበሳ ጣጣው ብዙ ነው።

ከዚያ ገንዳዋን በእጅ የምትደርሱባት ከሆነ፣ ለብ ያለ ውሃ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። የፈላ አይሁን፤ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ትንሽ አቼቶ ብትቀላቅሉበት ዝቃጩን ያላቅቃል። በረኪና ግን አልመክርም፤ ብረቱን ይበላል። ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። እባካችሁ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ።

ውጭ የቆመው ሰው ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ካየ ተከፍቷል። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ብሬከሩን አብሩ። ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ ኤሲው በረዶ ከሠራ ያኔ የኤሲው ጋዝ አንሷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። የተቃጠለ ሽታ ካለም አጥፉትና ባለሙያ ጥሩ።