አንዱ የዛፍ ለኪ ቡድን ያገኘው ባዮማስ 9 እጥፍ ሲበልጥ፦ ጥፋቱ የት እንደነበርና እንዴት እንደታረመ

በአንድ ደን ውስጥ የሚመሳሰሉ የናሙና ቦታዎች የማይገናኝ የባዮማስ (የዛፎቹ ደረቅ ክብደት) ውጤት ሲሰጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማስያ ቀመሩ ነው። እዚህ ግን ጥፋቱ ከመለኪያ ሜትሩ ንባብ ነበር። የዲያሜትር ሜትር (ግንድ ላይ የሚጠመጠም የመለኪያ ጥብጣብ) በአንድ ገጹ የግንዱን ዙሪያ፣ በሌላው ዲያሜትሩን ያሳያል፤ አንዱ ቡድን ዙሪያውን እያነበበ በዲያሜትር ዓምድ ሲሞላ ቆይቷል። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ 94.2 ተብሎ ገባ። ዲያሜትር በራሱ ስለሚባዛ የግንዱ ይዘት 9.87 እጥፍ አበጠ።

ማረሚያው፦ 10 ዛፎችን እንደገና ለክቶ የተመዘገበውን በአዲሱ ልኬት ማካፈል። ሁሉም 3.14 አካባቢ ከመጡ የቡድኑን ዓምድ በሙሉ ለ3.1416 ማካፈል ይበቃል። አንዳንዱ 1፣ አንዳንዱ 3.14 ከሆነ ግን በስሌት አይድንም፤ ወደ ደኑ መመለስ ነው።

የቀረው ልዩነት የመጣው ዲያሜትሩ ከሚለካበት ከፍታ ነው። ልክ 1.30 ሜትር የሆነ ዱላ መያዝ፣ ተዳፋት ላይ በዳገቱ በኩል ማስደገፍ፣ ከ1.30 ሜትር በታች መንታ የሆነውን ግንድ እንደ ሁለት ዛፍ መመዝገብ። የዛፉ ቁመት ከአግድም ርቀትና ከማዕዘን ሲሰላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በ25 ዲግሪ ተዳፋት ላይ መሬት ለመሬት የተዘረጋ 20 ሜትር አግድም ርቀቱ 18.1 ብቻ ነው፤ ካልታረመ ቁመቱ 10 በመቶ ያህል ይጋነናል።