ለውበት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ታካሚው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባው ጤነኛ ሆኖ ነው፤ ቀጠሮውንም የሚያስቸኩል በሽታ የለም። ስለዚህ ለማጣራት በቂ ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ያንን ጊዜ የሚያሳልፈው ምን ዓይነት አፍንጫ ወይም ወገብ እንደሚፈልግ በማሰብ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን ማን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሠራና ችግር ቢፈጠር ማን እንደሚደርስ በመመርመር አይደለም።

የሕክምና ፈቃድን ከስፔሻሊቲ ጋር ማምታታት። በብዙ አገሮች ሕጉ ማንኛውም ፈቃድ ያለው ሐኪም የውበት ቀዶ ሕክምና እንዲሠራ አይከለክልም። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአጭር ሥልጠና የምስክር ወረቀትና የዓመታት የስፔሻሊቲ ትምህርት ለተመልካች አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በአሜሪካ ግን ፕላስቲክ ሰርጀን (የሰውነትን ቅርጽ በመጠገንና በማስተካከል የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም) ለመሆን ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ ቢያንስ የ6 ዓመት ሥልጠና ያስፈልጋል። አውስትራሊያ «ሰርጀን» የሚለውን መጠሪያ ተገቢው ሥልጠና የሌላቸው ሐኪሞች እንዳይጠቀሙበት በ2023 በሕግ የገደበችው ይህ መምታታት ጉዳት ስላደረሰ ነው። ስለሆነም የሐኪሙን ስም ፈቃድ ሰጪው አካል በሚይዘው መዝገብ ውስጥ ራስዎ ይፈልጉ፤ ስፔሻሊቲው ምን እንደሆነ፣ ፈቃዱ የጸና መሆኑንና የተጣለበት ገደብ ወይም የዲሲፕሊን ውሳኔ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ይህ ማለት ግን ፕላስቲክ ሰርጀን ብቻ ይታመናል ማለት አይደለም። የዐይን ሽፋንን በሚመለከት በዚሁ ዘርፍ የሠለጠነ የዐይን ሐኪም፣ አፍንጫን በሚመለከት ደግሞ የፊት ፕላስቲክ ሰርጀሪ የተማረ የአንገት በላይ ሐኪም ብቁ ሊሆኑ ይችላሉ። መጠየቅ ያለበት ሥልጠናው በዚያው የሰውነት ክፍል ላይ መሆኑ ነው።

ስለ ሐኪሙ እንጂ ስለዚያው ቀዶ ሕክምና አለመጠየቅ። በጡት ቀዶ ሕክምና የተመሰገነ ሐኪም አፍንጫ የሚሠራው አልፎ አልፎ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ እንደሠሩ፣ ከታካሚዎቻቸው ምን ያህሉ ለእርማት እንደተመለሱና ምን ዓይነት ችግር እንደገጠማቸው ይጠይቁ። «እኔ ዘንድ ችግር ተፈጥሮ አያውቅም» የሚል ሐኪም ወይ ጥቂት ሠርቷል፣ ወይ እውነቱን አልተናገረም።

በፎቶግራፍ መወሰን። «በፊት» የሚለው ፎቶ በደብዛዛ ብርሃንና አንገት ተደፍቶ፣ «በኋላ» የሚለው ደግሞ በደማቅ ብርሃንና አገጭ ቀና ተደርጎ ከተነሣ ልዩነቱን የፈጠረው ካሜራው ነው። በዕድሜ፣ በሰውነት አቋምና በቆዳ ዓይነት እርስዎን የሚመስሉ የበርካታ ታካሚዎችን ፎቶ ለማየት ይጠይቁ። የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና እብጠት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አንድ ዓመት ያህል ስለሚወስድ በሦስተኛው ወር የተነሣ ፎቶ የመጨረሻውን ውጤት አያሳይም። ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ለኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ ለሚያብጥ ጠባሳ) ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው ሐኪሙ በእንዲህ ዓይነት ቆዳ ላይ የተወውን ጠባሳ በቅርብ ማየት ይገባል፤ ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ቦታውንና ማደንዘዣውን ችላ ማለት። በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሞት በአብዛኛው የሚመጣው ከመጥፎ ስፌት ሳይሆን ከማደንዘዣ፣ ከደም መርጋት ወይም ከስብ ወደ ሳንባ መሄድ ነውና። ብዙ የሚገልጥ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይህንኑ ቀዶ ሕክምና በሆስፒታል ውስጥ እንዲሠሩ ተፈቅዶልዎታል?» ሆስፒታሎች ፈቃዱን ከመስጠታቸው በፊት የሐኪሙን ሥልጠናና ታሪክ ስለሚመረምሩ፣ በራሱ ክሊኒክ ብቻ የሚሠራ ሐኪም ለምን እንደሆነ ማስረዳት ይኖርበታል። ቀጥሎ ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ባለሙያው እስከ መጨረሻው አብሮ ይቆይ እንደሆነ፣ ችግር ቢፈጠር ወደ ሆስፒታል የሚወሰዱበት መንገድ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑን ይጠይቁ። ሊዶኬይን የተባለው የማደንዘዣ መድኃኒት በብዛት በሚሰጥበት የስብ መምጠጥ ሥራ፣ መድኃኒቱ ሰውነትን ቢመርዝ የሚሰጠው የስብ ኢመልሽን (በደም ሥር የሚሰጥ የስብ ፈሳሽ) በክሊኒኩ ውስጥ መገኘት አለበት።

ከሌላ የሰውነት ክፍል የተመጠጠ ስብን ወደ መቀመጫ በመርፌ የማስገባት ሥራ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ስቡ ወደ ጡንቻው ውስጥ ከገባ በዚያ የሚያልፉት ትላልቅ ደም መልስ ሥሮች ሊጎዱና ስቡ በእነርሱ በኩል ወደ ልብና ሳንባ ሊደርስ ይችላል። የሙያ ማኅበራት በ2018 በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ የሞቱን መጠን ከ3,000 ታካሚዎች እስከ አንድ ሰው ሊደርስ እንደሚችል ገምተውታል። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት የሐኪሞች ቦርድ በ2022 አንድ ሐኪም በቀን ከሦስት በላይ እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንዳይሠራ የወሰነውም በድካምና በጥድፊያ የሚመጣውን አደጋ ለመቀነስ ነበር። ስለዚህ ስቡ ከቆዳ ሥር ብቻ መግባቱን በአልትራሳውንድ እያዩ ይሠሩ እንደሆነና በዚያ ቀን ስንተኛ ታካሚ እንደሚሆኑ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሐኪሙን ሳያገኙ ቀብድ መክፈል። ፈገግታ የማይለየው የሽያጭ ሠራተኛ ስለ ዋጋ ቅናሽ ሲያብራራ ቆይቶ፣ ሐኪሙን በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት ብቻ ማየት የተለመደ እየሆነ መጥቷል። ምርመራውን ማድረግ፣ አደጋውን ማስረዳትና የስምምነት ቅጹን አብሮ ማንበብ የቀዶ ሐኪሙ የራሱ ኃላፊነት ነው። ቅናሹ እስከ ነገ ብቻ የሚቆይ ከሆነ ይተዉት። «ይህ ለእርስዎ አይሆንም» ወይም «ሁለቱን በአንድ ቀን አልሠራም» የሚልዎት ሐኪም ገቢውን አሳልፎ ሰጥቶ የተናገረ ነውና ከሌሎቹ ይበልጥ ቢሰሙት ይሻላል።

ሐኪሙ ያልጠየቀውን አለመታዘብ። ስለ ማጨስ፣ ስለሚወስዷቸው መድኃኒቶችና ባህላዊ ቅመሞች፣ በቤተሰብ ውስጥ ስለነበረ የደም መርጋት ሳይጠይቅ ቀን የሚቆርጥ ሐኪም ሥራውን አልጀመረም። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቆዳው ተነሥቶ በሚሰፋበት ቀዶ ሕክምና ላይ ቆዳው እንዲሞት ሊያደርግ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ጠንቃቃ ሐኪሞች ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማጨስ እንዲቆም ያዝዛሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን መርሳት። ሌሊት ቁስሉ ቢደማ ስልኩን የሚያነሣው ማን ነው? እርማት ቢያስፈልግ የሐኪሙን፣ የማደንዘዣውንና የክፍሉን ወጪ የሚችለው ማን ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ወደ ሌላ አገር ሄደው የሚታከሙ ከሆነ፣ ከተመለሱ በኋላ ቁስሉን የሚከታተል ሐኪም ከመሄድዎ በፊት ያግኙ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቶሎ ረጅም በረራ ማድረግም ለደም መርጋት ያጋልጣል። የጡት ኢምፕላንት (በጡት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ዕቃ) የሚተከልልዎት ከሆነ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ አለመሆኑን ሐኪሙ በግልጽ ሊነግርዎ ይገባል፤ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድም ይቀበሉ። በ2010 ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ የጡት ኢምፕላንት አምራች ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ይጠቀም እንደነበር ሲታወቅ፣ በብዙ አገሮች የነበሩ ሴቶች በመጀመሪያ ማጣራት የነበረባቸው በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የማን ምርት እንደሆነ ነበር።