ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል አዲስ አወቃቀር ሲወራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተገንጥለው የራሳቸውን ሊግ ያቋቁማሉ የሚለው ወሬ በየወቅቱ ያገረሻል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው፣ የመወሰን ሥልጣኑ የማን እንደሆነና የትኛው ገንዘብ በማን እጅ እንደሚገባ ሳይጣራ ስለሚጀመር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሁሉንም ነገር ከኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪ ድርጅት) መጠበቅ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ድርጅቱ ዲቪዥን አንድን (ከፍተኛውን የውድድር ደረጃ) በፉትቦል ለሁለት የከፈለው በ1978 ነው፤ የላይኛው ዛሬ ኤፍቢኤስ፣ የታችኛው ኤፍሲኤስ ይባላል። ኤንሲኤኤ የኤፍሲኤስን ሻምፒዮና ያዘጋጃል፤ የኤፍቢኤሱን ግን አያዘጋጅም። የላይኛው ፕሌይኦፍ (ሻምፒዮኑ የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) ባለቤቶች ኮንፈረንሶቹ (ዩኒቨርሲቲዎች ተቧድነው የሚጫወቱባቸው ማኅበራት) እና የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ በ2024 ከ4 ወደ 12 ቡድን ያሰፉትም እነሱ ናቸው። የቴሌቪዥን መብቱማ በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ለኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሲፈርድ ከኤንሲኤኤ እጅ ወጥቷል። ስለዚህ «ኤንሲኤኤ ገና አልፈቀደም» ብሎ መረጋጋት አያስኬድም። ፓክ 12 የተባለው ኮንፈረንስ ሲበተን የተነካ የዲቪዥን ሕግ አልነበረም። በ2022 አባሎቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ሌላው ኮንፈረንስ ወደ ቢግ ቴን መሄዳቸውን አስታወቁ፣ በቀጣዩ ዓመት ኦሪገንና ዋሽንግተን ተከተሉ፤ በ2024 የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ነበሩ።

«ትልልቆቹ ከወጡ ኤንሲኤኤ ይከስራል» የሚለውም እንዲሁ በችኮላ የሚባል ነው። የኤንሲኤኤ ዋና ገቢ የወንዶች የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው። እንግዲህ ጥያቄው የሚወጡት በፉትቦል ብቻ ነው ወይስ ቅርጫት ኳሱንም ይዘው ነው የሚለው ይሆናል። ፉትቦሉ ብቻውን ቢወጣ የድርጅቱ ካዝና ብዙም አይጎድልም። የፕሌይኦፉ ገንዘብ የኮንፈረንሶቹ ነውና። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኢኤስፒኤን ለፕሌይኦፉ የፈረመው የ6 ዓመት ውል 7.8 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ከ2026 ጀምሮ ከክፍያው ሁለቱ ታላላቅ ኮንፈረንሶች፣ ኤስኢሲና ቢግ ቴን፣ እያንዳንዳቸው ወደ 29 በመቶ ይወስዳሉ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይህን የሚያህል ድርሻ የሚያገኝ ለመውጣት ለምን ይቸኩላል?

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ለምደን ያደግን ሰዎች የምንወድቅበት ስህተት ደግሞ አለ፦ የተሸነፈ ይወርዳል፣ ያሸነፈ ይወጣል ብሎ ማሰብ። እዚህ የሚወጣው የተጋበዘ ነው። ከኤፍሲኤስ ወደ ኤፍቢኤስ ለማደግ ከኮንፈረንስ ግብዣ ማግኘት ግድ ነው፤ የማመልከቻ ክፍያውም በ2023 ከ5,000 ዶላር ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ዘሏል። የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ በ2018 የወረደው ኮንፈረንስ ስላጣ ነው። እንዲያውም መውረዱን ካስታወቀ በኋላ፣ በዚያው በ2016፣ 9 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። በሌላ በኩል በ2022 ያደገው ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በ2025 ከ12ቱ የፕሌይኦፍ ቡድኖች አንዱ ሆኗል። ወራጅ ቀጠና ይኑር የሚሉ ሐሳቦች ይነሳሉ፤ ነገር ግን የቴሌቪዥን ድርሻ የሚያገኝ የኮንፈረንስ አባል የራሱን መውረድ የሚፈቅድ ድምፅ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከሁሉ የሚዘነጋው ግን ቀላል ሒሳብ ነው። 40 ታላላቅ ቡድኖች ተለይተው ወጡ እንበል። እያንዳንዱ 12 ጨዋታ ኖሮት እርስ በርስ ብቻ ከተጫወቱ በጠቅላላው 240 ጨዋታ ይሆናል፦ 240 ድል፣ 240 ሽንፈት። አማካዩ ለአንድ ቡድን 6 ድልና 6 ሽንፈት ነው። ዛሬ ታላላቆቹ አነስተኛ ቡድኖችን ከፍለው ወደ ስታዲየማቸው ይጠሩና በየዓመቱ ሁለት ሦስት ድል ይሰበስባሉ። (አንዳንዴ ጠሪው ይዋረዳል፤ በ2007 ሚሺጋን 400,000 ዶላር ከፍሎ የጠራው አፓላሺያን ስቴት 34 ለ 32 አሸንፎት ተመልሷል።) ያ ሲሳይ ሲቀር 9 ድል የለመደ ደጋፊ በ6 ድል ይቆጣል፣ አሠልጣኙ ይባረራል፣ የውል ማፍረሻ ይከፈላል፣ ለጋሹም እጁን ይሰበስባል። ታችኞቹም በጀታቸውን የሚደጉሙበትን ቼክ ያጣሉ። ኤስኢሲ ከ2026 ጀምሮ የኮንፈረንስ ጨዋታዎቹን ከ8 ወደ 9 ሲያሳድግም ያው ሒሳብ ይሠራል፤ በ16 ቡድን መካከል አንድ ጨዋታ መጨመር ማለት 8 የማይቀሩ ሽንፈቶች ማለት ነው። ሌላም ደንብ አለ፦ የኤፍቢኤስ ቡድን ለቦውል ጨዋታ (ከመደበኛው ወቅት በኋላ ለሚደረግ ግጥሚያ) ለመብቃት ከሚያስፈልጉት 6 ድሎች ውስጥ በኤፍሲኤስ ቡድን ላይ ያገኘው የሚቆጠርለት አንዱ ብቻ ነው። የዛሬው ኤፍቢኤስ ግማሹ ሌላ ደረጃ ቢሰጠው ይህ ደንብ አብሮ እንደገና መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ከዓመታት በፊት በውል የታሰሩ ጨዋታዎች ዋጋ ያጣሉ።

ኤስኢሲ በ2024 «ምሥራቅ» እና «ምዕራብ» የሚለውን ምድቡን መተዉን ከዚህ ጋር የሚያምታቱ አሉ። ያ የአንድ ኮንፈረንስ የውስጥ አደረጃጀት ነው፤ ከኤንሲኤኤ ደረጃ ጋር አይገናኝም።

ሁለቱን ደረጃዎች «85 ስኮላርሺፕ እና 63 ስኮላርሺፕ» እያሉ መለየትም ጊዜው አልፎበታል። በሰኔ 2025 የጸደቀው የሃውስ ስምምነት (ስፖርተኞች ስለ ክፍያ ያቀረቡት ክስ የተቋጨበት)፣ ስምምነቱን ለተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ጣሪያውን አንስቶ የፉትቦል ቡድንን የተጫዋች ብዛት በ105 ገድቧል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ለስፖርተኞቹ በቀጥታ ሊከፍል የሚችለው 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ለፉትቦል ብቻም ሳይሆን ለሁሉም ስፖርት ነው። የኤንሲኤኤ ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በ2023 መጨረሻ ያቀረቡት አዲስ ንዑስ ዲቪዥን፣ ቢያንስ ለግማሾቹ ስፖርተኞች በዓመት ቢያንስ 30,000 ዶላር የሚለው፣ ሐሳብ እንጂ ሕግ አልነበረም።

ሌሎቹን ስፖርቶች መርሳት ሌላው ነው። ፉትቦል በሳምንት አንዴ ይጫወታል። በዩሲኤልኤና በራትገርስ መካከል ያለውን ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር መንገድ በትምህርት ቀን የሚጓዙት ግን የመረብ ኳስና የሶፍትቦል ልጆች ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ሯጭ ከሆነ ደግሞ የፉትቦሉን ዜና እንዳይመለከታችሁ አትቁጠሩት፦ በሃውስ ስምምነት የአገር አቋራጭ ቡድን በ17 ሯጭ ተገድቧል፤ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድን ውስጥ መግባት የነበረው ዕድል ጠብቧል። ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ስምምነቱን ተቀብሏል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ስህተት ቀን መገመት ነው፤ ቀኑ ያለው ውሉ ላይ ነው። ኤሲሲ ከተባለው ኮንፈረንስ ለመውጣት የሚከፈለው በ2026 ዓመት 165 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን በየዓመቱ 18 ሚሊዮን እየቀነሰ በ2030-31 75 ሚሊዮን ላይ ይቆማል። የቢግ ቴን የቴሌቪዥን ውል በ2029-30፣ የሌላው ኮንፈረንስ የቢግ 12 በ2030-31፣ የፕሌይኦፉ በ2031-32፣ የኤስኢሲ በ2033-34 ያበቃል። ከእነዚህ በፊት «በሚቀጥለው ዓመት ይገነጠላሉ» የሚል ካለ፣ ካሣውን ማን እንደሚከፍል ይንገረን።