ጋስኬቱ አዲስ፣ ዘይቱ ግን አሁንም ይወርዳል፦ የሞተር ሳይክል ቫልቭ ክዳን ጋስኬት ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ የሞተሬን የቫልቭ ክዳን ጋስኬት፣ ማለትም ክዳኑ ሥር ገብቶ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ማሸጊያ፣ ቀየርኩ። ሰኞ ጠዋት ዘይቱ እዚያው ቦታ ላይ ያብረቀርቃል። «ጋስኬቱ ፎርጅድ ነው» ብዬ ሌላ ገዛሁ፣ ደግሜ ቀየርኩ። ሐሙስ ላይ ያው ነው። በሦስተኛው ነው ነገሩ የገባኝ። ጋስኬቱ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የብሎኖቹ አንገት ላይ ያሉት፣ ከነመኖራቸውም ልብ ያላልኳቸው ትንንሽ ላስቲኮች ነበር። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ለመግባባት ያህል፣ የቫልቭ ክዳን የምለው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) አናት ላይ ተቀምጦ ሮከሮቹንና ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ክፍሎች፣ የሚሸፍነውን ነው። ሮከር ኮቨር የሚሉት አሉ፣ ታፔት ኮቨር የሚሉትም አሉ። ያው ነው። ሥራውም ሲወራ ቀላል ነው። ክዳኑን ማንሳት፣ አሮጌውን ማውጣት፣ አዲሱን ማስገባት፣ መዝጋት። ጉድ የሚሠራን ይኼ ቀላል መምሰሉ ነው።

ዘይት የታየበትን ቦታ ዘይት የወጣበት ቦታ ነው ብሎ ማመን

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል። ሲነዱ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከክዳኑ የወጣ ዘይት የሲሊንደሩ እግር ላይ ተጠራቅሞ የታችኛው ጋስኬት የተበላ ያስመስላል። የተገላቢጦሹም አለ። ወደ ቴስታታ ዘይት የሚወስድ የውጭ ቱቦ ያላቸው ሞተሮች ላይ፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው የመዳብ ዋሸር ሲደክም ዘይቱ ክዳኑን አልብሶት ይወርዳል። ክዳኑ በነገር የለበትም፣ ስሙ ግን ይጠፋል።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ዙሪያውን በቅባት ማስለቀቂያ አጥባለሁ። በደንብ አደርቃለሁ። ከዚያ የተጠረጠረውን አካባቢ ሁሉ የሕፃን ፓውደር እነሰንስበታለሁ። አስነስቼ ለአሥር ደቂቃ ያህል አሠራዋለሁ፣ አጭር ዙርም እነዳለሁ። ስመለስ በባትሪ አያለሁ። ነጩ ፓውደር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታያል። ያንን መስመር ወደ ላይ ተከትዬ የሚያልቅበትን አያለሁ። መነሻው እዚያ ነው። መጀመሪያ ቀን ይኼን ባደርግ ኖሮ መስመሩ ከጋስኬቱ ጠርዝ እንደሚነሳ፣ ለዚያውም ከሁለቱ ብሎኖች አጠገብ ብቻ እንደሆነ አይ ነበር።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። ትንሽ ናት ብለው ዘይቷን አይናቋት። ማርሚታው ላይ ከወረደች ታጨሳለች፣ እሳትም ልታስነሳ ትችላለች። የኋላ ጎማው ላይ ከደረሰች ደግሞ መታጠፊያ ላይ ያንሸራትታል።

መተንፈሻውን መርሳት

ፒስተኑ በሠራ ቁጥር ጥቂት ጋዝ የፒስተኑን ቀለበቶች አልፎ ወደ ካርተር፣ ወደ ሞተሩ የታችኛው ሆድ፣ ይገባል። ይኼ ጋዝ የሚወጣው በመተንፈሻ ቱቦ ነው። ቱቦው ከታጠፈ ወይም በቆሻሻ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ ግፊት ደግሞ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘውም የቫልቭ ክዳኑን ጋስኬት ነው። እዚህ ላይ የፈለጉትን ያህል ውድ ጋስኬት ቢያስገቡ ያው ነው።

ቱቦውን ነቅለው ይንፉበት። አየር ማለፍ አለበት። ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ግፊቱ ከበዛ ቀለበቶቹ ሳይደክሙ አልቀሩም። ያ ሌላ ሥራ ነው። የዘይቱንም መጠን ይዩ። ከልክ በላይ የተሞላ ሞተር ዘይቱን በሆነ በኩል ይተፋዋል።

አቧራውን ሳያጥቡ መክፈት

ታንኩ ሥር ያለው ቦታ ለዓመታት አሸዋና ጭቃ ያጠራቅማል። ክዳኑ ሲነሳ ያ ሁሉ የሚወድቀው ካምሻፍቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ይጠቡ፣ ያድርቁ፣ ከዚያ ይፍቱ። የካንዴላውንም (የእሳት መጫሪያውን) ጉድጓድ አይርሱ፤ ካንዴላው ሳይነቀል በአየር ይንፉት፣ አለዚያ ሲነቅሉት አሸዋው ቀጥታ ወደ ፒስተኑ ይወርዳል።

ከተከፈተ በኋላ ደግሞ የካም ቼይኑ፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ መውረጃ ገደል አለ። ወደዚያ የወደቀ ብሎን ካርተር ድረስ ይሄዳል። ንጹሕ ጨርቅ ይወትፉበት፣ ስንት ጨርቅ እንዳስገቡም ይቁጠሩ። ማግኔት አለኝ ብለው አይተማመኑ። የአሉሚኒየም ቁራጭና ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) ማግኔት አይነካቸውም።

በካቻቢቴ መፈልቀቅ

ክዳኑ እንቢ ሲል እጃችን ወደ ካቻቢቴ ይሄዳል። አይሂድ። የክዳኑም የቴስታታውም ጠርዝ ለስላሳ አሉሚኒየም ነው። ካቻቢቴው የፈጠረው አንድ ጭረት ከዚያ በኋላ ለሚገባ ጋስኬት ሁሉ የዘይት ቦይ ይሆናል።

መጀመሪያ ብሎኖቹን ይቁጠሩ። እንቢ ካለ ክዳን ሥር ብዙ ጊዜ ያልተፈታ፣ በጭቃ የተሸፈነ አንድ ብሎን ይገኛል። ሁሉም ከተፈቱ ጎኑን በላስቲክ መዶሻ ከግራም ከቀኝም መታ መታ ያድርጉት። ይለቃል።

ቦታውን በሸካራ ነገር መፈግፈግ

የወረቀት ጋስኬት ያለው ሞተር ላይ አሮጌው ተጣብቆ ይቀራል። አንዳንዱ የሽቦ ብሩሽ ድሪል ላይ ገጥሞ ይጀምራል። ሌላው ብርጭቆ ወረቀት ያመጣል። ሁለቱም አሉሚኒየሙን ያጎድጉዱታል፣ ፍርፋሪውም ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የካምሻፍቱን መቀመጫ ይበላል። በፕላስቲክ መፋቂያ በትዕግሥት ይፋቁ። ማጽጃ ፈሳሽ ጨርቅ ላይ አድርገው ይጥረጉ እንጂ በቀጥታ አይርጩ፤ ቀለምም ላስቲክም ይጎዳል።

የላስቲክ ጋስኬት ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱን በደንብ ይዩት። አሮጌ ሲሊኮን ታች ተደፍድፎ ከቀረ አዲሱ ላስቲክ እዚያ ቦታ ላይ ጉብ ይላል፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ ሳይጫን ይቀራል።

ሲሊኮን እንደ ቅቤ መቀባት

በሲሊኮን የሚምሉ ሰዎች አሉ። «ትንሽ አድርግበት፣ አይጎዳም» ይላሉ። ይጎዳል።

ክዳኑ ሲጠብቅ ትርፉ ሲሊኮን ወደ ሁለቱም በኩል ይወጣል። በውጭ የወጣውን ያዩታል፣ ይጠርጉታል። ወደ ውስጥ የወጣው ግን ደርቆ እንደ ትል ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ቀን ይበጠሳል። ከዚያ ከዘይቱ ጋር ወርዶ የፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፣ ወይም ቀጭን የዘይት መንገድ ውስጥ ይሰነቀራል። የዘይት ጠብታ ለማዳን ተብሎ ሞተር ነክሶ የሚቆመው እንዲህ ነው። አንድ ሞተር ታችኛው ወንፊት ላይ ስፓጌቲ የመሰለ ሲሊኮን ተጠምጥሞ አይቻለሁ። ባለቤቱ «ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀብቼ ነበር» አለ፣ በኩራት።

የላስቲክ ጋስኬት ደረቅ ሆኖ ነው የሚገባው። ብዙ ሞተሮች ላይ ሲሊኮን የሚፈለገው ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ፋብሪካው የካምሻፍቱን መቀመጫ ሲቦረቡር ቴስታታው ጫፍ ላይ ግማሽ ክብ ክፍተት ይተዋል፣ ጋስኬቱም እዚያ ጋ ቁልቁል ይታጠፋል። ጠፍጣፋው ከግማሽ ክቡ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነጥብ ትበቃለች። የግማሽ ክቡ መድፈኛ ከጋስኬቱ የተለየ ዕቃ ከሆነ እሱም ዙሪያውን ስስ ሽፋን ይፈልጋል።

ዓይነቱንም ይለዩ። ሲከፍቱት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ለሞተር አይሆንም። ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረት ይበላል። ለሞተር ተብሎ የተሠራውን፣ ዘይትና ሙቀት የሚችለውን ይያዙ።

የብሎኑን ላስቲክ ሳይቀይሩ ብሎኑን ማነቅ

የእኔ ጥፋት ይኼ ነበር። በብዛት የማየውም ይኼንን ነው።

ብዙ የቫልቭ ክዳን ብሎኖች ተራ ብሎን አይደሉም። አንገታቸው ላይ እርከን አላቸው። ብሎኑ ሲገባ እርከኑ ቴስታታው ላይ ደርሶ ይቆማል። ከዚያ በላይ አይሄድም። ክዳኑን ወደ ታች የሚጫነው በብሎኑ ራስና በክዳኑ መሃል ያለው ወፍራም የላስቲክ ዋሸር ነው። ላስቲኩ ስፕሪንግ ነው ማለት ይቻላል።

ይኼ ላስቲክ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል፣ ቁመቱም ይቀንሳል። የእኔን አውጥቼ ከአዲሱ ጎን ሳስቀምጠው አሮጌው ቁመቱ ሲሶ ያህል ጎድሏል፣ በጥፍር ስጫነው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ክዳኑ ግን አይጫንም። በእጅ ሲያንቀሳቅሱት ትንሽ ይነቃነቃል። አዲስ ጋስኬት ምን ያድርግ?

እኛ ደግሞ ዘይት ስናይ ብሎን እናጠብቃለን። እርከኑ ቆሟል፣ እኛ እንገፋለን። እነዚህ ብሎኖች በአብዛኛው 6 ሚሊሜትር ናቸው፣ የሚገቡትም አሉሚኒየም ውስጥ ነው። ያኔ በሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው። ቁልፉን ስጫን መጀመሪያ ጠበቀ። ትንሽ ጨመርኩ። ከዚያ በድንገት ለሰለሰ፣ ልክ ሞቆ የቀለጠ ሰም ውስጥ እንደሚዞር። ያ ስሜት ለያዘው ሰው ሆድ ባዶ ያደርጋል። ጥርሱ ተላጨ ማለት ነው። ብሎኑን ሳወጣ ጥርሱ መሃል የተጠቀለለ ቀጭን የአሉሚኒየም ሽቦ አብሮ ወጣ። ጉድጓዱን አስፍቶ፣ አዲስ ጥርስ ቆርጦ፣ ሄሊኮይል የሚባለውን የብረት ጠምዛዛ በማስገባት ይድናል። ግን ለአንድ ላስቲክ ተብሎ።

የማጥበቂያው ልክ የሞተርዎ መመሪያ ላይ ያለው ነው። እንዲህ ላሉ ብሎኖች ብዙ ጊዜ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ምን ያህል እንደሆነ ይሰማዎት፦ 10 ሳንቲሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ መጫን ማለት ነው። ቁልፉ 25 ሳንቲሜትር ከሆነ ግን 4 ኪሎ ብቻ። በረጅም ቁልፍ ሁለት ጣት ይበቃል። ለዚህ ነው ብሎን የሚበጠሰው በረጅም ቁልፍ የሆነው። በትንሹ የሚለካ ቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ፣ ካለ በጣም ጥሩ። ለመኪና ጎማ የሚያገለግለው ትልቁ እዚህ ታች ያለውን ልክ በትክክል አያነብም።

ሲዘጉ ሁሉንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ ያስገቡ። በእጅ የማይገባ ብሎን ጠማማ ገብቷል፣ ያውጡት። ከዚያ ከመሃል ጀምረው በመስቀለኛ፣ በሁለት ሦስት ዙር ያጥብቁ።

ሁሉም ሞተር አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ቀኝ የተዘረጉበት ቦክሰር ሞተር፣ እንደ ቢኤምደብሊው ያለው፣ ክዳኑ ሲፈታ ውስጡ የቀረውን ዘይት ጫማዎ ላይ ያፈሳል። ዕቃ ያስቀምጡ። ክዳኑ ወደ ውጭ ስለወጣም ሞተሩ ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያፈስ ከሆነ ክዳኑን መስታወት ላይ ደፍተው ይዩት። ከተጣመመ ጋስኬት አያድነውም።

የሮከሮቹ ዘንግ በክዳኑ ብሎኖች የተያዘባቸው ሞተሮችም አሉ። እነዚህ ላይ ቫልቩ ተከፍቶ እያለ ብሎን መፍታት ክዳኑን በስፕሪንግ ኃይል አጣሞ ያነሳዋል። መጀመሪያ ሞተሩን አዙረው ቫልቮቹ የሚዘጉበት ቦታ ላይ ያቁሙት። የሃርሊ ዴቪድሰን ሰዎች ይኼን ያውቁታል። ለነገሩ እነሱ ሞተሮቻቸውን በክዳናቸው መልክ ይጠራሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1965 የተሠራው «ፓንሄድ» ስሙን ያገኘው ክዳኑ የተገለበጠ መጥበሻ ስለሚመስል ነው።

ትንንሾቹን መዝለል

የካንዴላ ጉድጓድ ዙሪያ የራሱ ኦሪንግ ወይም ክብ ጋስኬት ያለው ሞተር ብዙ ነው። ትልቁን ቀይረው እሱን ከተዉ ዘይት ካንዴላው ላይ ይጠራቀማል፣ ሞተሩም ይንተባተባል። መገጣጠሚያ ፒኖችም ሲፈቱ ክዳኑ ላይ ተጣብቀው ይነሳሉ፣ ቦታቸው መመለሳቸውን ይዩ።

ክዳኑ ከተከፈተ የቫልቭ ክፍተቱንም ይለኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ታንኩ ወርዷል፣ ሥራው ግማሹ አልቋል። ለዚህ ብቻ ከወር በኋላ መልሶ መክፈት ያናድዳል።

ወዲያው አስነስቶ መሞከር

ሲሊኮን የነካው ካለ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ይጠብቁ። ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። ደረቅ ላስቲክ ብቻ ከሆነ ወዲያው ማስነሳት ይቻላል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በባትሪ ዙሪያውን ይዩ። የወረቀት ጋስኬት ላይ፣ መመሪያው ካዘዘ፣ ሲቀዘቅዝ ልኩን ደግሞ መፈተሽ አለ። እርከን ባለው ብሎንና በላስቲክ ላይ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ትንሽ ዘይት ካዩ መጀመሪያ ይጥረጉት፤ ስንሠራ የፈሰሰው የአየር ማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሃል ተደብቆ ሲሞቅ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔም በሦስተኛው ቀን እንዲህ ያለ ጠብታ አይቼ ቁልፌን አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩትና ፓውደሩን አመጣሁ።