«ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ
ለማስተማር ልምምድ የምትወጡ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ይቺን ያዙልኝ።

በመጀመሪያው ሳምንቴ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ «ዩዝድ ቱ»ን (used to፦ ድሮ የነበረ አሁን ግን የቀረ ነገር የሚነገርበትን) አስተማርኩ። «ገባችሁ?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» አለ። ደስ አለኝ። ደብተር ስሰበስብ ግን ብዙዎቹ «ተጠቀመ» ብለው ተርጉመውታል። ልጆቹ አልዋሹም። ሁሉም አዎ ሲል ማን ብቻውን እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ይላል?

አሁን ትርጉሙን የሚፈትሹ አጫጭር ጥያቄዎች ነው የምጠይቀው። ሰሌዳው ላይ «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ጎንደር» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ፦ አሁን የምኖረው ጎንደር ነው? ድሮስ? አንድ ቀን ነው የቆየሁት ወይስ ረዘም ላለ ጊዜ? መልሳቸው ወዲያው ያሳብቃል።

ጥያቄዎቹን ቤት ሆናችሁ ጻፏቸው፤ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማፍለቅ በጣም ይከብዳል። ከጠየቃችሁ በኋላም ቸኩላችሁ ራሳችሁ አትመልሱ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ያቺ ጊዜ ታስፈልጋታለች።

የክፍል ሥራ ስታዙም እንደዚሁ ነው፦ «ስንት ዓረፍተ ነገር ነው የምትጽፉት? ለብቻ ነው ወይስ ሁለት ሁለት ሆናችሁ?»