ሰም ስታነሱ ቀለም እንዳታነሱ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ብርማ ኮሮላውን ግቢዬ አስገብቶ፣ "እስቲ ይህን ኮፈን እይልኝ" አለኝ። ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ የወዳጅ መኪና አጥባለሁ፣ ፖሊሽ አደርጋለሁ፣ ሰም እቀባለሁ። ኮፈኑን አየሁት። ዳር ዳሩ ያንጸባርቃል፤ መሃሉ ግን ወተት የተደፋበት ይመስላል። በጣቴ ስዳብሰው ይሻክራል።

"ምን ነካው?"

"አሮጌውን ሰም ላነሳ ብዬ ነው።"

"በምን?"

"በቲነር።"

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

አዲስ ሰም ወይም ሴራሚክ የሚባለው ጠንካራ መከላከያ ሽፋን ከመቀባቱ በፊት አሮጌውን ማንሳት ትክክል ነው። አለበለዚያ አዲሱ የሚይዘው ቀለሙን ሳይሆን ያረጀ ቅባትና አቧራ ይሆናል፤ ከእሱም ጋር አብሮ ይለቃል። ስህተቱ ያለው ሰሙን እንደ ብርቱ ጠላት ማየቱ ላይ ነው። ሰም ደካማ ነገር ነው። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ከተፈጥሮ ሰሞች ጠንካራው ነው፤ እሱም ቢሆን መኪና ላይ ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ቢቆይ ነው። ስሱ ቀለሙ ነው። ከላይ ያለው ክሊር የሚባለው ግልጽ ሽፋን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሰም ሲነሳ የሚሠሩ ስህተቶችን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሰም መኖሩን ሳያዩ መጀመር

ኮፈኑን እጠቡና አንድ ኩባያ ውሃ ድፉበት። ውሃው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ከተንከባለለ ሰሙ አለ። ተዘርግቶ እንደ ስስ መጋረጃ ከወረደ ሄዷል፤ ምንም የምታነሱት የለም። ሳይታጠብ አትሞክሩት። አቧራ የተኛበት ሰም ላይ ውሃው ስለማይሰበሰብ ሰም የሌለ ይመስላችኋል። ጣሪያውን፣ ኮፈኑንና በሮቹን ለየብቻ ሞክሩ። ጣሪያና ኮፈን ፀሐይ ስለሚመታቸው ቀድመው ይለቃሉ፤ በሮቹ ላይ ግን ሰሙ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ

ይህን ማንም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያደርገዋል። በእኛ በኩል፣ በኮዬ ፈጬም በገላንም፣ መኪና ላይ የሚያርፈው ከግንባታ የሚነሳ አሸዋና ድንጋይ ነው። በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጉት ቀለሙን እየሞረዳችሁት ነው። መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ በሳሙና ከላይ ወደ ታች እጠቡ። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቂያ።

የልብስ ሳሙና

ዱቄት ሳሙና የበጠበጣችሁበት ባልዲ ታች እጃችሁን ብትከቱ ያልሟሟ ቅንጣት ታገኛላችሁ። ያ ቅንጣት ስፖንጁ ላይ ተለጥፎ ነው ኮፈኑን የሚፈትገው። ብዙ ሰው ላርጎ የሚለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይሻላል። ቅባት ስለሚቆርጥ ያረጀ ሰምን ያዳክማል፤ ለዚህ ሥራ አንድ ጊዜ ብትጠቀሙበት አይከፋም። በየሳምንቱ ግን አይሆንም። የበርና የመስታወት ጎማዎችን ሊያደርቅ ይችላል። ለወራት የሚቆዩ ሰው ሠራሽ ሽፋኖችንም ብቻውን አያነሳቸውም። ስለዚህ "በላርጎ አጥቤዋለሁ፣ ንጹሕ ነው" ብላችሁ ሴራሚክ እንዳትቀቡ። የውሃውን ፈተና ድገሙት።

ናፍጣ

በዚህኛው እኔም ተሸውጃለሁ። ከዓመታት በፊት መንገድ ዳር ካለ አንድ ላቫጆ ቀይ ቪትዜን አሳጥቤ ልሄድ ስል፣ አጣቢው ልጅ "ወንድሜ፣ በናፍጣ ላብራልህ?" አለኝ። አሮጌ ሰም ነበረባት፤ አንድም ይጠረግልኛል፣ አንድም ታበራለች ብዬ "በል እስቲ" አልኩት። ሁለት ቀን የሙሽራ መኪና መሰለች። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሕፃናት በሯ ላይ በጣት ስማቸውን ጽፈውባታል። አቧራው እንደ ዱቄት ተለጥፎ አልለቅ አለ፤ ውሃ ሲነካው ጭቃ ሆነ።

ነገሩ ቀላል ነው። ናፍጣ ሰሙን በከፊል ያሟሟዋል፤ እሱ ራሱ ግን ቅባት ስለሆነ ቶሎ አይተንም። አንዱን ቅባት አንስታችሁ የባሰ ቅባት ተክታችኋል ማለት ነው። ያየሁት ብርሃንም የቀለሙ ሳይሆን የናፍጣው ነበር። ጎማ ነክ ነገሮችንም እያቆየ ያበላሻል። እሱን ለማስለቀቅ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥቤያለሁ።

ቤንዚን ይተናል፣ እሱስ? የሚሉ አሉ። የሚተነው ነገር ነው እሳት የሚይዘው። ጥግ ላይ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና በሚፈላበት ግቢ ቤንዚን በጨርቅ ይዞ መኪና ማሸት… ልተወው።

ቲነር

ወደ ኮሮላው እንመለስ። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም በምድጃ ሙቀት የበሰለ ስለሆነ ትንሽ ቲነር ሊችል ይችላል። የጎረቤቴ ኮፈን ግን ተጋጭቶ ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተረጨ ነው። በአየር ብቻ የደረቀ ቀለም ቲነር ሲነካው እንደገና ይለሰልሳል። የተረጨውም በቲነር ቀጥኖ ነበራ! ጨርቁ ላይ ብርማ ነገር ሲያይ ሰሙ እየወጣ መስሎት ይበልጥ አሸው። ሰም መቼም ብርማ ቀለም የለውም። ጨርቁ የመኪናችሁን ቀለም ከያዘ እጃችሁን ወዲያው አንሱ። የትኛውንም ፈሳሽ ቢሆን አስቀድማችሁ በር ከፍታችሁ ከውስጥ በኩል ባለው ቀለም ላይ፣ ሰው በማያየው ቦታ ሞክሩት። ዳግም የተቀባ ክፍል ካለ ደግሞ እዚያው ክፍል ላይ፣ ከጥጉ።

ሳኒታይዘርን እንደ አልኮል መቁጠር

አልኮል ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፈው ሳኒታይዘር ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሰጠው ቀመር ውስጥ 80 በመቶ ኢታኖል አለ፤ 1.45 በመቶ ግሊሰሮልም አለ። ግሊሰሮሉ የገባው እጅ እንዳይደርቅ ነው። መኪና ላይ ግን አይተንም፤ አልኮሉ ሲሄድ እሱ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ጄሉማ ከዚህም ይብሳል።

ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ግዙ፤ በውስጡ ሌላ ነገር ያልተጨመረበት መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። አንድ እጅ አልኮል በሦስት እጅ ውሃ ቀላቅሉ። ወደ 17 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ይበቃል። "ጠንከር ቢል ቶሎ ያነሳል" ብሎ እንዳለ ማፍሰስ ክሊሩን ሊያለሰልሰው ይችላል። ውሃው የተጣራ ቢሆን ይመረጣል። ለባትሪ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ጥሩ ነው። ስትገዙ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

በማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ርጩት እንጂ ቀለሙ ላይ አታፍስሱት። የኮፈኑን ግማሽ ብቻ ያዙ፤ በአንዱ ጨርቅ አብሱ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ተከተሉት። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ አገላብጡ፤ አለበለዚያ ያነሳችሁትን ሰም መልሳችሁ ነው የምትቀቡት።

በጠራራ ፀሐይ መሥራት

ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይሸውዳል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። እናንተ ጃኬት ለብሳችሁ ኮፈኑ ሊፋጅ ይችላል። የእጃችሁን ጀርባ አስቀምጡበት፤ ካቃጠላችሁ አትጀምሩ። ሳሙናውም አልኮሉም ሳይሠራ ይደርቅና ምልክት ጥሎ ይሄዳል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ጠብታው ሲደርቅ የሚተወውን ነጭ ክብ ታውቁታላችሁ። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምሬ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናውን ጥላ ውስጥ አስገባለሁ።

ሰሙ ሄደ ብሎ ቀለሙ ንጹሕ ነው ማለት

እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ የታጠበውን ቀለም በቀስታ ዳብሱት። ባዶ እጅ ያልሰማውን ሻካራነት በፌስታሉ ትሰሙታላችሁ። ያ ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ፣ ሬንጅ፣ የቀለም ርጭት ነው። ሳሙናም አልኮልም አያወጣውም። ክሌይ ባር የሚባለው ሊጥ መሰል ነገር ነው የሚለቅመው። በደረቁ አታስኪዱት፤ ሁልጊዜ በሳሙና ውሃ የራሰ ቀለም ላይ ይሁን። መሬት ከወደቀ ጣሉት። ዋጋው እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ግን ጠጠር የያዘ ክሌይ ከብርጭቆ ወረቀት አይለይም።

በማሽን ፖሊሽ ልታደርጉ ከሆነ በአልኮል ሰም ማንሳቱን አታክርሩት፤ ፖሊሹ ራሱ ሰሙን ይዞት ይወጣል። አልኮሉ የሚያስፈልገው ከፖሊሹ በኋላ ነው። ፖሊሹ የሚተወው ዘይት ጭረቱን ሸፍኖ ያሞኛችኋል፤ አዲሱ ሽፋንም እንዳይይዝ ያደርጋል።

ሴራሚክ ያለበት መኪና ላይ ደግሞ ሳሙናውም አልኮሉም አይሠራም። በአልኮል አሽታችሁ አሽታችሁ ውሃው አሁንም እንደ ዶቃ ከተሰበሰበ ሴራሚክ ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱን ጠይቁ። የሚነሳው በፖሊሽ ተፍቆ ነው።

አንስቶ ራቁቱን ማሳደር

ሰሙ የወጣለት ቀለም መከላከያ የለውም። ቅዳሜ አንስታችሁ፣ ሰሙን ሌላ ሳምንት እቀባለሁ ብላችሁ ዛፍ ሥር ብታቆሙት የወፍ ኩስ ይቀድማችኋል። ሙሉ መኪና በአንድ ቀን ካልቻላችሁ ዛሬ ኮፈንና ጣሪያውን አንስታችሁ ቀቡ፣ በሮቹ ሌላ ቀን ይደርሳሉ። ስትቀቡ ጥቁሩን ፕላስቲክ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፤ ሰም ከነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ጎረቤቴ ኮሮላውን በቀላሉ አይለውጠውም። የፊታችን ቅዳሜ ጣሪያውንና በሮቹን በሳሙናና በአልኮል እናነሳለን። ኮፈኑ ለቀለም ቀቢ ነው፤ ክሊሩ አልቋል። የተረፈው ግማሽ ጣሳ ቲነር ለግቢው በር ቀለም ይሆነዋል።