ግድግዳው ሻገተ፤ ዕዳው የማን ነው?

ቁምሳጥኑን ፈቀቅ ስታደርጉት ከኋላው ያለው ግድግዳ ጠቁሯል። አከራይ «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው» ይላሉ። ተከራይም «ቤቱ ድሮም እርጥብ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ጥቁሩ ነገር ነው፤ መጠየቅ ያለበት ግን ውሃው ከየት መጣ የሚለው ነው። ሻጋታ ያለ ውሃ አይበቅልም።

በብዙ አገር ጣሪያ፣ ግድግዳና የቧንቧ መስመር የአከራይ ኃላፊነት ናቸው። የቤት አያያዝና ብልሽት ሲታይ ቶሎ መናገር ደግሞ የተከራይ ነው። ዝርዝሩን የአገሩ ሕግና የፈረማችሁት ውል ይወስኑታል።

ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ወጥቷል
በዝናብ ጊዜ የሚሰፋ ከሆነ ጣሪያው ያፈሳል። ዝናብ ሳይኖርም ከሰፋ ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለ ቧንቧ ነው። ጥገናው የአከራይ ነው።

ከወለሉ ጀምሮ ቀለሙ ይላጣል፣ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ይታያል
ግድግዳው ከመሬት ውሃ እየሳበ ነው። ብዙውን ጊዜ እርጥበቱ ከአንድ ሜትር ገደማ በላይ አይወጣም። ይህን የትኛውም ተከራይ መስኮት በመክፈት አያደርቀውም።

አንድ ቦታ ብቻ፣ ከማጠቢያው ሥር ወይም ከሻወሩ ጀርባ
ቧንቧዎችን ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ካልተንቀሳቀሰም ነገሩ አላለቀም፤ የፍሳሽ መውረጃ ቱቦ ቢያፈስ ቆጣሪ ላይ አይታይም።

ማዕዘን፣ መስኮት ዙሪያና ከዕቃ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ፤ ጠዋት መስታወቱ ያልበዋል
ዋናው ጭቅጭቅ እዚህ ነው። የማብሰያ፣ የሻወርና ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ተከራይ ድስት ይክደን፣ ቤቱን ያናፍስ፣ ዕቃውን ከግድግዳ ትንሽ ያርቅ። ነገር ግን መስኮቱ ከተጣበቀ ወይም ሻወሩ አየር መውጫ ከሌለው «ክፈቱ» ማለት ቀልድ ነው። ያ የአከራይ ሥራ ነው።

ካልተስማማችሁ ላስቲኩ ይፍረድ። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቁ። የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ለጥፉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ድፈኑ። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እዩት። ጠብታው በክፍሉ በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከቤቱ አየር ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው ነው። ፎቶ አንሱት።

ጠርገነው ተመልሶ መጣ
ውሃው አልቆመማ! መጀመሪያ ምንጩ ይዘጋ። ከዚያ ቦታው ከአንድ ካሬ ሜትር ካነሰ በጓንትና በማስክ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በሳሙናና በውሃ ፈትጎ በደንብ ማድረቅ ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ባለሙያ ይጠራ። በረኪና ልስን ላይ ያለውን ያነጣዋል እንጂ ውስጥ የገባውን አያወጣም። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሻጋታ ላይ ቀለም መቀባትም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ይላጣል።

«አልነገራችሁኝም» ተባልን
እኔም አንድ ጊዜ በስልክ ብቻ ተናግሬ ቤቱን ስለቅ ከማስያዣዬ ተቆርጦብኛል። የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረኝም። ስለዚህ ያያችሁ ዕለት ፎቶ አንሱና በጽሑፍ ላኩ። የረጠበ ነገር በ24 እስከ 48 ሰዓት ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። አይቶ ዝም ያለ ተከራይ፣ ጥፋቱ የቧንቧው ቢሆንም፣ በዝምታው ለተባባሰው ሊጠየቅ ይችላል። ተነግሮት ያልጠገነ አከራይም እንዲሁ።

በንዴት ኪራይ አለመክፈል ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። የአገራችሁ ሕግ ካልፈቀደ ግድግዳው ቀርቶ የምትከሰሱት ባልከፈላችሁት ኪራይ ነው።